አንቀጽ አራትና ከአልጋዬ ሥር የነበረው ማንቆርቆሪያ

ተማሪ ማከራየት ጣጣው ብዙ ነው ይባላል። እውነት ነው። ሩዝ ያሳርራሉ፣ ፎጣዬን የመንግሥት ንብረት ያደርጉታል፣ ለአንድ እግር ካልሲ አንድ ባልዲ ውኃ ይጨርሳሉ። ከነሱ ጋር አንድ ግቢ ለሚኖር አከራይ ግን ትልቁ ጣጣ ሌላ ነው፤ እሱ እነሱን ሲጠብቅ እነሱም እሱን ያዩታል። ይህን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ክፍሎቹን ለሽንኩርት ነጋዴ አከራያቸው ነበር።

ቤቴ ጅቡቲ፣ ካርቲየ 5 የሚባል ሰፈር ነው። ባለቤቴ ካረፈች በኋላ ሁለቱን ክፍሎች ለሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሰጠሁ። አንደኛው ከአሊ ሳቢህ የመጣ፣ ሕግ የሚማር ቀጭን ረጅም ነው፤ «ደህና አደርክ» ብትለው ማስረጃ ይጠይቃል። ሁለተኛው ከዲኪል የመጣ፣ ሒሳብ የሚማር ዝምተኛ ነው። ሁለቱም «አዴር» ይሉኛል፤ በሶማልኛ አጎቴ እንደማለት ነው።

እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት ባቡር ጋራዥ ውስጥ፣ በኤሌክትሪክ ሠራተኝነት ነው። የቤቱን መስመር የዘረጋሁትም ራሴ ነኝ። እጄ ጎበዝ ቢሆንም ልቤ ቋጣሪ ስለሆነ ትንሹን ኃይል አስገባሁ። ስለዚህ ክሊሙ፣ ማለትም አየር ማቀዝቀዣው፣ እየሠራ ሌላ ከባድ ዕቃ ከተሰካ ብሬከሩ ይወርዳል፤ ቤቱም እንዳለ ፀጥ ይላል። ክሊሙ ያለው እኔ መኝታ ቤት ብቻ ነው። ካልሆነማ አከራይ መሆን ምን ይጠቅማል?

ይህን አስቤ ሰባት አንቀጽ ያለው ደንብ በተሰባበረ ፈረንሳይኛዬ ጽፌ ግቢው ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ። ክብር እንዲኖረው ከጋራዡ ይዤው የወጣሁትን ማኅተም መታሁበት። ማኅተሙ «ፍሬን ተፈትሿል» ነው የሚለው። የሕጉ ተማሪ አንብቦ ሳቁን ዋጠ። አንቀጽ አራት ታዲያ እንዲህ ይላል፦ ከሰባት እስከ አሥር ሰዓት፣ ከተማው በሙሉ በሙቀት ተሸንፎ ጋደም በሚልበት ጊዜ፣ ብሬከሩን ያስወረደ ሰው ማንም ይሁን ማን ክፍሉን ይለቃል። «ማንም ይሁን ማን» የሚለውን የጨመርኩት ለማሳመር ነበር።

በዚያው ዓመት ሐኪሙ ስኳር ከለከለኝ። አርሂባ ሰፈር የምትኖረው ልጄ ደግሞ ከሐኪሙ ብሳ የስኳሩን ቆርቆሮ ይዛው ሄደች። ማብሰያው ያለው ግቢው ውስጥ፣ ሁሉም ሰው ዓይን ሥር ነው። «አባዬ፣ አንድ ቀን ስኳር ስትልስ ባገኝህ ቤቱን ዘግቼ እኔ ጋ ነው የምወስድህ» አለችኝ። የልጄን ቤት እወደዋለሁ፤ በእንግድነት።

እኔም በኤሌክትሪክ የሚሠራ ትንሽ ማንቆርቆሪያ ገዝቼ አልጋዬ ሥር ደበቅኩ። ስኳሩን በፌስታል ቋጥሬ በድሮ የሥራ ጫማዬ ውስጥ ከተትኩት። ክሊሙን አጥፍቼ ባፈላ ማንም አያውቅብኝም ነበር። ግን በግንቦት ሙቀት ትኩስ ሻይ የሚጥመው ክሊም ሥር ተቀምጠው ሲጠጡት ነው። አንዳንድ ቀን ብሬከሩ ይታገሠኛል፣ አንዳንድ ቀን ይወርዳል። በወረደ ቁጥር ወጥቼ «ማነው የሰካው?» እያልኩ እጮሃለሁ። ሰው ሲያፍር ድምፁ ይጨምራል መሰለኝ።

አንድ ማክሰኞ ብሬከሩ ሲወርድ ልጄ በር ላይ ደረሰች። «ማነው እንዲህ የሚያደርገው?» ስትለኝ ጣቴ ወደ ዝምተኛው ክፍል ተዘረጋ። ክፍሉ ከኔ ጋር ግድግዳ ስለሚጋራ ነው እንጂ ሌላ ጥፋት የለበትም። የተዘረጋ ጣት ደግሞ መመለሻው ይከብዳል፤ እዚያው ከጁምዓ በፊት ክፍሉን እንዲለቅ ነገርኩት። ፈተናው እሑድ ነበር። አምና የወደቀበት ትምህርት ነው፤ ዘንድሮም ከወደቀ ትምህርቱ ያበቃል፣ ዲኪል ተመልሶ ከአባቱ ጋር የጭነት መኪና ላይ ይወጣል። ይህንን አውቅ ነበር። አውቄም ገብቼ ተኛሁ፤ እንቅልፍ ግን እንኳን ሊመጣ በበሩም አላለፈ።

የሕጉ ተማሪ ተከሳሽ ሳይሰማ አይባረርም ብሎ በማግስቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ግቢው ውስጥ ባለው የኒም ዛፍ ሥር ሰበሰበን። ልጄም መጥታ የውኃ በርሜል ክዳን ላይ ተቀመጠች። ዳኛው እኔ ነኝ። ዝምተኛው ተነስቶ መሬት መሬት እያየ፣

«እኔ ነኝ አዴር። ካውያ ሰክቼ ነው» አለ።

ሸሚዙን አየሁት። ተጨማዶ የቀድሞ ፊቴን ሳይሆን የአሁኑን ይመስላል። ያን ጊዜ ባለፈው እሑድ ትዝ አለኝ፤ እስክሪብቶ ሊዋስ በሬን ሲከፍት እንፋሎት ከአልጋዬ ሥር ይወጣ ነበር። አይቶ ምንም አላለም። የልጄን ማስፈራሪያ ግን ሰምቷል። እኔ አርሂባ እንዳልወሰድ ብሎ ፈተናውን ሊሠዋልኝ ነው እንግዲህ።

«የምን ካውያ ነው የምታወራው?» አልኩት። «ይሄ ሸሚዝ ካውያ ቢያይ ይሮጣል።»

ገብቼ ማንቆርቆሪያውን አወጣሁ። ገና ለብ እንዳለ ነው። ልጄ ክዳኑን ከፍታ አየችና፣

«ስኳሩስ?» አለች።

ጫማውን አመጣሁ። አሸተተችው፤ ይህን የጠጣ ሰው ቅጣቱን አብሮ ጠጥቷል አለች።

የሕጉ ተማሪ ወደ ግድግዳው ሄዶ አንቀጽ አራትን ቀስ ብሎ አነበበ። «ማንም ይሁን ማን» ላይ ሲደርስ ድጋሚ አነበበው። «ማኅተምም አለው፣ አዴር» አለ።

ክፍሌን ለቀቅኩ። ልጄ ማንቆርቆሪያውን ወሰደች፤ እኔን ግን ተወችኝ። ሁለቱን ልጆች ጠርታ፣ የሚጠጣውን ጠብቁልኝ፣ ጥናታችሁንም ግን አትርሱ አለቻቸው። እስከ እሑድ እነሱ በኔ ክሊም አልጋዬ ላይ ተንጋለው ሲያጠኑ፣ እኔ ኒሙ ሥር በእርጥብ አንሶላ ተጠቅልዬ፣ ያለስኳር ሻይ ፉት እያልኩ፣ በግድግዳው በኩል የሚነበበውን ቀመር እሰማ ነበር። ምንም አልገባኝም። ድምፁ በቆመ ቁጥር ግን ግድግዳውን በጫማ እመታለሁ።

ውጤቱ የወጣ ቀን ስምንት ሰዓት ላይ ዝምተኛው ያችኑ ሸሚዝ ለብሶ፣ አንድ ካርቶን ይዞ መጣ። አልፏል። ካርቶኑን ስከፍተው ካውያ ነው፤ ለሚቀጥለው ዓመትም ክፍሉን ፈልጎ ነው መሰለኝ። ሸሚዙን አስወልቄ፣ ደስታ ሕግ ያስረሳል መቼም፣ ክሊሙ እየሠራ ካውያውን ሰካነው።

ቤቱ ፀጥ አለ። ከሕጉ ተማሪ ክፍል ጉሮሮ የመጥረግ ድምፅ ተሰማ።

ሳይጠራኝ እጄን አወጣሁ፤ ምንጣፌንም ይዤ ወደ ኒሙ ዛፍ ሄድኩ።