የሞተውን ዱቄት ያደልኩት እኔ ነኝ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ሚስቴ አታውቀውም። ለንስሐ አባቴ ጾም መሻሬን፣ ለአንድ ሁለት ሰው ክፉ መመኘቴን ተናዝዤ፣ የታዘዝኩትን ሰግጄ፣ ቀለል ብሎኝ ወደ ቤቴ ተመልሻለሁ። ይህን ግን ዘልዬዋለሁ፤ በየዓመቱ ዘልዬዋለሁ። አሁን ለአንተ የምነግርህ ስለማታውቀኝ ነው። ድፍረት እንዳይመስልህ። ፈሪ ሰው ለማያውቀው መናዘዝ ይቀልለዋል።

ግንባሩ ሥልጣን ላይ በነበረበት ዘመን፣ በቡታጅራ አካባቢ የወረዳ ግብርና ባለሙያ ነበርኩ። የመጣሁት ከሰሜን ነው፤ ዲግሪዬን ይዤ፣ ጫማዬን ወልውዬ። ገበሬውን እንቅ ነበር። አማርኛ ሲሰብር እየሰማሁ በልቤ እስቅ ነበር። የእሱን ቋንቋ ግን ያን ሁሉ ዓመት ኖሬ ከሰላምታ በላይ አልተማርኩም። ታዲያ አላዋቂው ማን ነበር?

በእንሴኖ በኩል ውሃ የሚተኛበት ዝቅ ያለ መሬት አለ። ሩዝ ይዘራበት ተባለና ገበሬዎች ጀመሩ። ከማሳዎቹ በላይ፣ ወንዙ ዳር፣ አሮጌ የመኪና ባትሪ እየሰበሩ እርሳሱን የሚያቀልጡ ሰዎች ግቢ ነበራቸው። እጣቢው ወንዙ ውስጥ ይገባል፤ ወንዙ ሩዙን ያጠጣል። አፈሩ ሲመረመር እርሳስ ተገኘበት። እርሳስ በእህል አድርጎ ሆድ ሲገባ በተለይ የልጆችን አእምሮ እንደሚጎዳ ተምሬዋለሁ። አውቅ ነበር። ይህን ልብ በልልኝ፤ አላወቅኩም የምልበት ቀዳዳ የለኝም።

በዚያ ሰሞን ለሙከራ የሚሆን ሕያው ማዳበሪያ በካርቶን ተላከልን። ጥቁር ዱቄት ነው፤ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን አሉበት። ከዘሩ ጋር ሲታሽ ሥሩ ዙሪያ ይራባሉ፤ እርሳሱንም አፈር ውስጥ ይዘው ወደ ፍሬው የሚወጣውን ይቀንሱታል ተብሎ ተስፋ ተጥሎበት ነበር። ገበሬዎቹን ሰብስቤ ያሠለጠንኩት እኔ ነኝ። አንዱን ከረጢት ከፍቼ በየተራ እንዲያሸቱት አደረግኩ።

“ሕይወት ያለው ነገር ነው” አልኳቸው። “ደህናው ዝናብ የመታው አፈር ይሸታል። ሙቀት ካገኘው ይሞታል። ሲሞት ይኮመጥጣል።”

ዘር ሳይዘራ ወልቂጤ ለግምገማ ተጠራሁ። ካርቶኑን ለአለቆቼ ላሳይ ብዬ ፒካፑ ላይ ጫንኩት። የከብት ክትባት ማቀዝቀዣ የነበራት የእንስሳት ጤና ባለሙያ “እኔ ጋ አስቀምጠው፣ ይበላሽብሃል” ብላኝ ነበር። “ሥጋ ነው እንዴ?” ብዬ ሳቅኩባት። አራት ቀን አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠን ሌላው ሌላውን ሲገመግም፣ ካርቶኑ ውጭ በወልቂጤ ፀሐይ ተቀቀለ። ለአለቆቼ ላሳይ ያመጣሁትን ዱቄት ከመካከላቸው ያየው አልነበረም። ስመለስ ከፈትኩት። ኮምጥጧል።

ሌላ ላኩልኝ ማለት ይቻል ነበር። አንድ ስልክ መደወል ነው። ነገር ግን በሚቀጥለው ግምገማ ከስሜ አጠገብ “ግድየለሽ” የሚል ቃል ይጻፍብኛል ብዬ ፈራሁ። ለአንድ ቃል! የሞተውን ዱቄት አደልኩ። እኔ በእጄ አደልኩ። እነሱም ጎንበስ ብለው ተቀበሉኝ፤ መረቁኝ።

ጋሽ ነስሩ ብቻ ከረጢቱን ከፍተው አሸተቱ። ከሃምሳ ያለፉ፣ ረጅም፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ ገበሬ ነበሩ። ከሰው ነጠል አድርገው ወሰዱኝ።

“ልጄ፣ ይኼ ሞቷል” አሉኝ። “አንተው ነህ ያስተማርከን።”

“አዲስ ዓይነት ነው ጋሼ፤ ሽታው ይለያል” አልኳቸው።

ዓይኔን ትክ ብለው አዩት። “አላህ ያውቃል” ብለው ሄዱ።

ሩዙ ሲደርስ ሁለት ናሙና ለምርመራ መላክ ነበረበት፤ አንዱ ዱቄቱ ካልገባበት ማሳ፣ አንዱ ከገባበት። ሁለቱም አንድ እንደሚሆኑ አውቃለሁ። ስለዚህ ምን አደረግኩ? ዱቄት የገባበት የሚለውን ከረጢት፣ ከባትሪው ግቢ በላይ ካለና ንጹሕ ውሃ ከሚጠጣ ማሳ ሞላሁት። የማሳው ባለቤት የጋሽ ነስሩ ሚስት ወንድም መሆኑን እንኳ አልጠየቅኩም፤ ገበሬ ለእኔ ሁሉም አንድ ነበር። ውጤቱ መጣ። እጅግ ያማረ ነበር።

ከዚያ የመስክ በዓል ተዘጋጀ። ከዞንም ከዚያ በላይም ሰዎች መጡ። ግማሾቹ ሩዝን ከሣር አይለዩም፤ ሙያቸው ማጨብጨብ ነበር። እንቃቸዋለሁ፤ ጭብጨባቸውን ግን እንደ ለማኝ እጠብቅ ነበር። ከፍ ያለ ቦታ ላይ ቆሜ “ይህን ሩዝ ያለ ስጋት ብሉ” አልኩ።

ዘይቱና የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት እጇን አወጣች። “ለልጆችም?”

“ለልጆችም” አልኳት።

ያኔ ጋሽ ነስሩ ተነሡ። “ከሚስቴ ወንድም ማሳ ሩዝ ለምን ወሰድክ?” አሉ። “እሱ ያንተን ዱቄት አልዘራም። ወላሂ፣ ለምርመራ የላክኸው የሱን ነው።”

እንግዶቹ ወደ እኔ ዞሩ። እውነቱን መናገር ካለብኝ ሰዓቱ ያ ነበር። እኔ ግን “አንተ ሽማግሌ!” አልኳቸው። እስከዚያ ቀን እርስዎ ስላቸው ነበር። “መጀመሪያ አማርኛውን ልመድ፤ ሳይንሱን በኋላ ታስተምረናለህ።” ይህ አልበቃኝም። አነጋገራቸውን አስመስዬ ጥያቄያቸውን ደገምኩት። እንግዶቹ ሳቁ። ጎረቤቶቻቸው እንግዶቹ ሲስቁ አይተው ሳቁ። ከአለቆቹ አንዱ “ፀረ ልማት የምንለው እንዲህ ያለውን ነው” አለ። ጋሽ ነስሩ ኮፍያቸውን አስተካክለው ተቀመጡ።

ከሞዴል ገበሬነት ተሰረዙ። ምርጥ ዘር ሲታደል ተራቸው ይታለፍ ጀመር። እሳቸው ያንን ሩዝ ቤታቸው አላስገቡም፤ ማሳውን ባሕር ዛፍ ተከሉበት። ሌሎቹ ግን እኔን አምነው መዝራታቸውን ቀጠሉ። እኔ ወልቂጤ፣ ዞን ገባሁ፤ የሚሽከረከር ወንበር ተሰጠኝ።

ከአራት ዓመት በኋላ ጋሽ ነስሩ ቢሮዬ መጡ። “አሰላሙ አለይኩም” አሉ። በድምፃቸው ቂም አልነበረበትም፤ እሱ ይበልጥ አናደደኝ። ቢሰድቡኝ እንዴት በቀለለኝ!

“ለራሴ አልመጣሁም” አሉኝ። “ዘይቱና አሁንም ያንኑ ሩዝ ትዘራለች። ልጆቿ እሱን ነው የሚበሉ። ተይ ብላት አትሰማኝም፤ እኔ ፀረ ልማት ነኝ። አንድ ወረቀት ጻፍላት። ያንተን ወረቀት ያምናሉ።”

ጻፍኩ። ፊታቸው ተቀምጬ ጻፍኩ፤ ማኅተም መታሁበት። ጋሽ ነስሩ ቁርአን ይቀራሉ እንጂ የአማርኛ ፊደል አይለዩም። ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። “አላህ ይጨምርልህ፤ አውፍ ብዬሃለሁ፣ ይቅር ብያለሁ” አሉኝ። አጥፈው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱትና ወደ መናኸሪያው ሄዱ።

የጻፍኩት ይህን ነበር፦ “ባለጉዳዩ ቢሯችን ቀርበው ተስተናግደዋል።”

እንሴኖ ደርሰው ለዘይቱና ሲሰጧት ማን አነበበላት? ሲነበብ እሳቸው አጠገቧ ቆመው ነበር? ፊታቸው ምን መሰለ? እኔ ይህን ስንት ጊዜ በሐሳቤ አየሁት መሰለህ። ሄጄ ግን አልጠየቅኩም። ዳግመኛም ቢሮዬ አልመጡም። ስለዚያ ሩዝ ሰው ተጎዳ ሲባል አልሰማሁም ብዬ ለመጽናናት ሞክሬያለሁ። ያልሰማሁት ስላልጠየቅኩ ነው። አንድ ልጅ ትምህርት አልገባው ሲል “ደነዝ ነው” ይሉታል እንጂ ማን እርሳስ ነው ይላል?

ዘመኑ ነው እንዳትለኝ። ዘመኑ ክፉ ነበር፤ ነገር ግን ያን ቀን ቢሮ ውስጥ ከእኔና ከእሳቸው ሌላ ሰው አልነበረም። ማንም አላዘዘኝም። ስክሪብቶው በእኔ እጅ ነበር።

አንተን ይቅርታ አልለምንህም፤ የበደልኩት አንተን አይደለም። ሥራውን ከለቀቅኩ ቆይቷል፤ ጊዜ ሞልቶኛል፤ ጤናም አለኝ። ጋሽ ነስሩ በሕይወት ካሉ የትም አይሄዱም፣ እዚያው እንሴኖ ናቸው። ከወልቂጤ በማለዳ የተነሣ ሰው ሳይመሽ ይደርሳል።

አልሄድኩም።