የሼህ ሰይድ ሜትር

ባለፈው ሳምንት ለሳሎኔ የሚሆን የመጋረጃ ጨርቅ ልገዛ ሸዋ ሮቢት ገበያ ወጣሁ። ሻጩ ወጣት ነው፣ ጨዋ ልጅ። ስድስት ሜትር አልኩት። ጨርቁን ዘረጋ፣ ስድስት ቆጠረ፣ መቀሱን ልክ ሜትሩ ያለቀበት ላይ አሳርፎ ቆረጠው። አጣጥፎ ሲሰጠኝ እጄን ሳልዘረጋ ቆሜ ቀረሁ።

«ምን ጎደለ፣ እትዬ?» አለኝ።

«ምንም አልጎደለም፣ ልጄ» አልኩት። እውነቴን ነው፣ አልጎደለም። እኔ ቆሜ የጠበቅኩት የሚተርፈውን ነበር። ባጃጅ ውስጥ ገብቼ ጥቅሉን ጭኔ ላይ ሳስቀምጥ ብቻዬን ሳቄ መጣ፤ ሾፌሩ በመስታወቱ ሰረቅ አድርጎ አየኝ። የሳቅኩት በጨርቁ አልነበረም። ከብዙ ዓመት በፊት በዚችው ከተማ በዘረጋነው አንድ የሬዲዮ ሽቦ ነበር።

አባቴ ጨርቅ ነጋዴ ነበር። ሰው ሁሉ ሼህ ሰይድ ይለዋል፤ እሱ ግን «ሼህ ያደረገኝ ኪታቡ ሳይሆን ሽበቱ ነው» እያለ ይቀልድ ነበር። በሱቁ ባንኮኒ ጠርዝ ላይ አንድ የብረት ሜትር በምስማር ተመትቶ ነበር። አባቴ ሲለካ ጨርቁን ሜትሩ ጫፍ ላይ በአውራ ጣቱ ይይዝና፣ የጣቱን ውፍረት ያህል አሳልፎ ነው ቀጣዩን ሜትር የሚጀምረው። ሁልጊዜ እንዲሁ። መጨረሻ ላይ ደግሞ አንድ ስንዝር ምራቂ ይጨምራል። እናቴ «ሱቁን ልትጨርሰው ነው» ስትለው መልሱ አንድ ነበር፤ «ቢተርፍ ሰደቃ ነው። ቢጎድል ግን የሰው ሐቅ ነው፣ ቂያማ ቀን ጨርቅ ተሸክሜ አልቆምም።» እኔም ከዚያ ባንኮኒ ጀርባ ነው ያደግኩት። ቁጥር ሳልማር በፊት ጣቴ መለካት ተምሯል።

አስራ አንደኛ ክፍል ስደርስ የፊዚክስ መምህራችን ጋሼ ሳህሌ ነበሩ። የደብረ ሲና ሰው ናቸው፤ በወጣትነታቸው በጦር ሠራዊት ውስጥ የሬዲዮ ሠራተኛ ነበሩ። ጡረታ ሊወጡ አንድ ዓመት ቀርቷቸው ነበር። በሮቢት ሐሩር፣ ውሻ እንኳ ጥላ ፈልጎ በሚተኛበት ሰዓት፣ እሳቸው ካፖርት ለብሰው ያስተምራሉ። ስንጠይቃቸው «የደብረ ሲና ብርድ አጥንቴ ውስጥ ቀርቷል» ይሉናል። ትምህርት ቤቱ ውስጥ የአማተር ሬዲዮ ክበብ አቋቁመው ነበር፤ ሬዲዮ ግን አልነበረንም። በጥቁር ሰሌዳ ላይ የተሳለ ሬዲዮ ነበረን።

ጋሼ ሳህሌ ዓመት ሙሉ ደብዳቤ ጻፉ። በመጨረሻ አዲስ አበባ ያሉ፣ ፈቃድ ኖሯቸው ለነገሩ ፍቅር ሲሉ ብቻ በሬዲዮ የሚነጋገሩ ሰዎች አንድ ያገለገለ መሣሪያ ላኩልን። ነገር ግን ቅድመ ሁኔታ ነበረው። ዓርብ፣ ቅዳሜና እሑድ ከጠዋቱ አራት እስከ አምስት ሰዓት ይጠብቁናል። ከሦስቱ ቀን በአንዱ ድምፃችን አዲስ አበባ ከተሰማ ሬዲዮው ለትምህርት ቤቱ ይቀራል። ካልተሰማ እሑድ ከሰዓት በአውቶብስ ይመለሳል፤ ተራ የሚጠብቅ ሌላ ትምህርት ቤት አለ።

ዳይሬክተራችን ገና ከመጀመሪያው አላመኑበትም። የጣርማ በርን ተራራ በእጃቸው እያሳዩ «ሳህሌ፣ የአዲስ አበባ ድምፅ ወደ ቆላ ሊወርድ ይችላል። የኛ ግን በምን አቅሙ ይወጣል? ውሃ ሽቅብ አይሄድም» አሉ። ጋሼ ሳህሌ ሞገዱ ወደ ሰማይ ወጥቶ፣ ከላይ ተመልሶ እንደ ዝናብ እንደሚወርድ፣ ተራራ እንደማያግደው አስረዱ። ዳይሬክተሩ በአክብሮት ሰሙ፤ አላመኑም።

አስራ ሁለተኛ ክፍል ገብተናል፤ ወሩ ጥቅምት ነበር። ማሾ እየተወቃ፣ ማሽላው እያፈራ፣ ወፍ ጠባቂዎች ማማ ላይ ሆነው የሚጮኹበት ጊዜ። ሐሙስ ከሰዓት ጋሼ ሳህሌ አንድ ጥቅል የመዳብ ሽቦ ሰጡኝና «ዘሃራ፣ ይሄን ሁለት ቦታ ትቆርጪልኛለሽ። እያንዳንዱ ልክ አስር ሜትር፤ ሞገዱ ርዝመት ይመርጣል። የትምህርት ቤቱ ሜትር ጫፉ ተሰብሯል፤ በዚህ ከተማ የማምነው ሜትር ያባትሽን ነው» አሉኝ። ከዚያ ሽቦ ሌላ እንደሌላቸውም ነገሩኝ።

እንደታዘዝኩት ሱቅ ሄጄ ለካሁ፣ ቆረጥኩ፣ አመጣሁ። «ልክ ነው?» አሉኝ። «ልክ ነው» አልኩ። «እርግጠኛ ነሽ?» ሲሉኝ ትንሽ ቅር አለኝና አፌን ሞልቼ «ወላሂ ልክ ነው!» አልኳቸው።

አንቴናው ሲታይ ከልብስ ማስጫ ገመድ ብዙም አይለይም። ሁለቱ ሽቦዎች መሃል ላይ ተቀራርበው፣ ግን ሳይነካኩ ግራና ቀኝ ይዘረጋሉ። መሃሉን የሚይዝ ነገር ከቢጫ ጀሪካን ቆርጠን ሠራን። ከሬዲዮው የሚመጣው ኬብል ውስጡ አንድ የመዳብ ሽቦ፣ ዙሪያውን ደግሞ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ መዳብ አለው። የውስጡን ለግራው ክንድ፣ የተጎነጎነውን ለቀኙ ክንድ ሰጠንና በቀለጠ ሊድ በየድናቸው። ጋሼ ሳህሌ ብየዳውን እፍ እያሉ ካቀዘቀዙ በኋላ «አየሽ፣ አንቴና እንደ ሰው ነው፣ ሁለቱም እጁ እኩል መጉረስ አለበት» አሉ። እኔም ምሳዬን ሳልበላ መዋሌ ትዝ አለኝ።

መስቀሉ ለእኔ ቀላል ነበር። ካራቆሬ አጎቴ ዘንድ በየክረምቱ መጨረሻ ማሽላ ስጠብቅ ወንጭፍ ተምሬያለሁ። ድንጋይ ላይ ቀጭን ሲባጎ አሰርኩና አንዱን በኒሙ ዛፍ፣ ሌላውን በግቢው ግራር ላይ አሻግሬ ወረወርኩ። በሲባጎው ገመድ፣ በገመዱ ሽቦውን ጎተትን። ዓርብ ጠዋት አንቴናችን ከክፍሎቹ ጣሪያ በላይ ተዘርግቶ ሲታይ ከደስታዬ ብዛት ግቢውን ዞሬ ከየጎኑ አየሁት።

አራት ሰዓት ላይ ሬዲዮው ተከፈተ። ጥቂት አጉረመረመና «ሸዋ ሮቢት፣ ሸዋ ሮቢት፣ አዲስ አበባ ነን፣ ትሰሙናላችሁ?» የሚል የሰው ድምፅ ወጣ። ዘለልን። ጋሼ ሳህሌ ማይክሮፎኑን አንስተው መለሱ። ድምፁ ግን እንዳልሰማ ሆኖ «ሸዋ ሮቢት፣ ሸዋ ሮቢት» ማለቱን ቀጠለ። ደግመው መለሱ። አሁንም ያው። አንድ ሰዓት ሙሉ እነሱ ጠሩን፣ እኛ አቤት አልን፣ አቤታችን ግን አልደረሰም።

ከሬዲዮው አጠገብ ወደ ሽቦው ከላክነው ኃይል ምን ያህሉ ተመልሶ እንደሚመጣ የሚያሳይ መርፌ ነበር። የኛ መርፌ ወደ ላይ ወጥቶ ቀረ፤ አንቴናው የተሰጠውን እየመለሰ ነበር። ሬዲዮውም እንዳይቃጠል ኃይሉን ቀንሶ ራሱን ይቆጥባል። ጋሼ ሳህሌ አንቴናውን አውርደው ብየዳውን እንደገና ሠሩ። ቅዳሜም ሞከርን። መርፌው አልወረደም። «ርዝመቱ ይሆን?» ብለው ወደኔ ዞሩና ወዲያው እጃቸውን አወራጩ፤ «ተይው፣ ከሼህ ሰይድ ሜትር በላይ ምን መለኪያ አመጣለሁ። ይልቅ እኔ ነኝ ያረጀሁት። አንድ ነገር ረስቻለሁ።» ዳይሬክተሩ በመስኮት ብቅ ብለው ተራራውን ተመለከቱ። ባይናገሩም ገባን።

ቅዳሜ አስር ሰዓት ላይ አባቴ ለሶላት ሲገባ ሱቁን ያዝኩለት። አንዲት ሴት ለልጇ ሰርግ ስምንት ሜትር ጨርቅ ጠየቀችኝ። ዘረጋሁ። አንድ። ሁለት። ሦስተኛው ላይ ዓይኔ በገዛ ጣቴ ላይ አረፈ። አውራ ጣቴ ማንም ሳያዘው ከብረቱ ጫፍ አልፎ ተቀምጧል።

ሽቦውንም እንዲሁ ነበር የለካሁት፣ በየሜትሩ አንድ ጣት። መጨረሻ ላይ ደግሞ፣ አሁን ሳስበው ያፈርኩት ነገር፣ ለሁለቱም ስንዝር ስንዝር ምራቂ ሰጥቻቸው ነበር።

ሴትየዋን እንዴት እንደሸኘኋት አላውቅም። አባቴ ሲወጣ እየሮጥኩ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ጋሼ ሳህሌ ሬዲዮውን በካርቶኑ ውስጥ ጋዜጣ እየጠቀጠቁ እያሸጉት ነበር።

«ጋሼ፣ ሽቦው አስር ሜትር አይደለም» አልኳቸው።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ይበልጣል።» በሲባጎ ጠረጴዛው ላይ ለክቼ አሳየኋቸው፤ ጣቱን፣ ከዚያም ስንዝሩን።

ጣቴን አዩት። «ለሽቦ ምራቂ ሰጠሽ?»

«እጄ ነው ጋሼ፤ አላወቅኩም።»

«ወላሂ ብለሽኝ ነበር እኮ።»

ይቺን ነበር የፈራሁት። ማልቀስ ጀመርኩ። እሳቸው ግን ወንበር ስበው ተቀመጡና ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እየሳቁ ነበር። ሳቁ፣ ሳቁ፣ በመጨረሻ ላብ ሲያጠምቃቸው በሁለት ዓመት ውስጥ ወልቆ አይቼው የማላውቀውን ካፖርት አወለቁት።

«በይ ዕንባሽን ጥረጊ» አሉኝ። «ሳታውቂ ነው የማልሽው፤ ስታውቂ ደግሞ ሮጠሽ መጣሽ። የመሐላውን ከፈጣሪሽ ጋር ተነጋገሪ፣ የሽቦውን እኛ እንጨርሰዋለን። አጉድለሽው ቢሆን ነበር ጉድ የሚፈላው፤ የምቀጥልበት የለኝም። የተረፈ ይቆረጣል።»

እሑድ ማለዳ አንቴናውን አወረድነው። መቀሱን የሰጡት ለእኔ ነው። «ዛሬ እንዳባትሽ አይደለም» አሉ፤ «እንደ ስስታም ነው የምትቆርጪው።» ከግራ ሁለት ጣት፣ ከቀኝ ሁለት ጣት። ሰቀልን፣ ሞከርን፣ አወረድን። መርፌው በያንዳንዱ ቁራጭ ትንሽ ትንሽ ወረደ። ለቁርስ ማሾ ቅቅል በሳህን ቀርቦልን ነበር፤ ማንም ዞር ብሎ አላየውም። አራት ሰዓት ሊሆን ሲል መርፌው ታች ገብቶ ተኛ።

«ሸዋ ሮቢት፣ ሸዋ ሮቢት...»

ጋሼ ሳህሌ ማይክሮፎኑን ወደኔ ገፉት። «አንቺ ነሽ የምትመልሺው።»

የተለማመድኩት ሁሉ ጠፋኝ። «አቤት፣ ዘሃራ ነኝ፣ ሸዋ ሮቢት ነን» አልኩ። ከዚያ ያ ድምፅ፣ ሦስት ቀን ሙሉ እኛን ሲፈልግ የኖረው ድምፅ፣ «ዘሃራ! ድምፅሽ ጥርት ብሎ ይሰማል! እንዴት ናችሁ፣ ሙቀቱ እንዴት ነው?» አለ።

«ጋሼ ሳህሌ ካፖርታቸውን አውልቀዋል» አልኩት።

ዳይሬክተሩ ጩኸታችንን ሰምተው እየሮጡ መጡ። ሲያመሰግኑም ከልባቸው ነበር። ከዚያ ግን የሚጠየቀውን ጠየቁ፤ «ሁለቱን ቀን ታዲያ ምን ነበር ያገደው?»

መሬት መሬት ማየት ጀመርኩ። ጋሼ ሳህሌ ኬብሉን እየጠቀለሉ፣ ቀና እንኳን ሳይሉ «ሽቦውን አስረዝሜው ነበር። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት» አሉ። ስንወጣ በሩ ላይ አስቆሙኝ፤ «አባትሽ ይሄን ነገር እንዳይሰማ። ለማንም አትንገሪ። እሺ?» አሉኝ። እሺ አልኩ።

ሬዲዮው ቀረ። እኔም በዚያው መንገድ ሄጄ ዕድሜዬን በየተራራው የቆሙ የሬዲዮ ማማዎችን ስጠግን አሳለፍኩ። ጋሼ ሳህሌ ጡረታ ወጥተው ደብረ ሲና ተመለሱ፤ አንድ ጊዜ ማንጎ ይዤላቸው ወጥቼ ነበር። ጉም ውስጥ ተቀምጠን ስለ ሬዲዮ ብቻ አወራን። ስነሳ «ነገርሽው እንዴ?» አሉኝ። «አልነገርኩትም» ስላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። አባቴ እስኪሞት ድረስ በየሜትሩ ጣቱን እያሳለፈ ኖረ። አሁን ሁለቱም ስለሌሉ ነው እንዲህ አፌን የፈታሁት።

ለብዙ ዓመታት እሳቸውን የማመሰግናቸው ጥፋቴን ስለሸፈኑልኝ ነበር። በዚያን ዕድሜ ሰው ሁሉም ነገር ስለራሱ ይመስለዋል። ዛሬ የሮቢትን ገበያ ከነአፉ ካወቅኩ በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ። ያን ቀን ጋሼ ሳህሌ እውነቱን ተናግረው ቢሆን ወሬው ገበያ ሲደርስ ጣቱም ሰደቃውም መንገድ ላይ ይቀሩ ነበር። ሰው የሚሰማው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «የሼህ ሰይድ ሜትር ልክ አይደለም።» በልጦ ነው ጎድሎ ብሎ የሚጠይቅ የለም። አንድ የሌላ እምነት ሰው፣ ጡረታ በደረሰበት ዓመት፣ በገዛ ሙያው፣ በሰው ፊት ተሳሳትኩ ያለው የአባቴ ስም ሳይነካ እንዲያድር ብሎ ነው። እኔን ማዳናቸው በዚያ ላይ የተጨመረ ነበር።