«እሽሽ» ያልኩት ፈረስ

ፈረሳችን ጆሮውን ወደ ኋላ ሲያስተኛ ልጄ ጋሪው ላይ ብቻዋን ነበረች። መንደራ ቆጪ ሰፈር፣ ከቤታችን በታች፣ አንድ ባጃጅ ጥሩምባውን ነፍቶበት አለፈ። እኔ በር ላይ ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር። ፈረሱ ገና አልሮጠም፤ ቆሞ ይንቀጠቀጣል። ቢላዋውን ጥዬ ተንደረደርኩ። «እሽሽ! እሽሽሽ፣ የኔ አባት!» አልኩት፣ የሚያለቅስ ሕፃን እንደማባብል።

ያን ጊዜ ደነበረ። ጋሪው ቦዩን ዘሎ ወደ አስፓልቱ ሲወጣ የታየኝ የልጄ ሻርፕ ብቻ ነው። «ጌታ ሆይ!» እያልኩ ከኋላው ሮጥኩ። ወፍጮ ቤቱ ጋ የቆመ የጭነት መኪና መንገዱን ባይዘጋበት ኖሮ ይህን የምጽፍበት እጅም ልብም አይኖረኝም ነበር።

ልጄ ክርኗ ተልጦ ትስቃለች። «እማዬ አትጩኺ፤ እሱም እንዳንቺው ድንጉጥ ነው።»

«ነገውኑ ይሸጣል!»

«እሱ ከተሸጠ እኔ ምን ልሠራ ነው? እንጀራዬ እኮ ነው።» ሳቋ ጠፋ።

እውነቷን ነው። በሰፈራችን ጋሪ የምትነዳ ሴት እሷ ብቻ ናት። ጋሪ ነጂዎቹን ምክር ብጠይቅ አንዱ «አለንጋ ነው መድኃኒቱ» አለኝ፤ ሌላው «ሴት የያዘችው ፈረስ ምን ይሆናል?» ብሎ ሳቀ። ልቤ ውስጥ ቆይ አልኩት።

ፈረሱን አሳድገው የሸጡልን የደዶ ገጠር ሽማግሌ ለገበያ ሲመጡ ጠብቄ፣ ለምኜ ቤቴ አመጣኋቸው። ፈረሱን ዞር ዞር ብለው አዩ፤ እግሩን፣ አፉን፣ ልጓሙን። ምንም አላገኙበትም።

«ሲደነግጥ ምን ትይዋለሽ?» አሉኝ።

«እሽሽ ነዋ አባባ! ልጆቼን ሁሉ በእሽሽ ነው ያሳደግኩት።»

ቆባቸው እስኪወድቅ ሳቁ። «ያ አላህ! እኛ እኮ እሽ የምንለው በቆሎ ውስጥ የገባ ከብት ስናባርር ነው! ይሄ ውርንጭላ ሆኖ ማሳ በገባ ቁጥር በዚችው ቃል፣ ከነዱላዋ ነው ያስወጣሁት። አንቺ ልጄን ይዘህልኝ ጥፋ ነው ያልሽው!»

አፈርኩ። ባጃጁን ረግሜ፣ ፈረሱን ረግሜ፣ ልጄን ተቆጥቼ፣ ለካ ጥፋቱ የኔ አፍ ነው።

«ሱታ በይው» አሉኝ። «ቀስ ማለት ነው። ግን ቃሉ ብቻ አይበቃም፤ ትንፋሽሽን አውጥተሽ፣ ከሆድሽ በይው። ልጓሙንም አትጎትቺ፤ ያዝ አድርጊና ሲሰማሽ ወዲያው ላላ አድርጊለት።»

ጠዋት ጠዋት ልጄ ከሩቅ ጄሪካን ትመታለች፣ እኔ ልጓም ይዤ ሱታ እላለሁ። መጀመሪያ ከአጥሩ ማዶ፣ ከዚያ ቀረብ፣ ከዚያ አጠገቡ። ጄሪካኑ በጮኸ ቁጥር ልጓሙን እጎትታለሁ። «እማዬ፣ እሱ ተምሯል፤ የቀረሽው አንቺ ነሽ» ትለኛለች። ሦስተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ያቆምኩ ሴት ከፈረስ ጋር አንድ ክፍል ገባሁ።

ከዚያ የተማሪዎች ፍራሽና ሻንጣ ወደ ኪቶ ፉርዲሳ፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ፣ የምናደርስበት ቀን መጣ። ሽማግሌው ሊያዩን ከኋላ ፍራሹ ላይ ተቀመጡ። ልጄ ልጓሙን ለኔ ሰጠችኝ። «ካልነዳሽው ሁልጊዜ ስትፈሪልኝ ልትኖሪ ነው» አለችኝ።

ዳገቱ ላይ ሚኒባስ ጆሯችን ሥር ጥሩምባውን ነፋ። የፈረሱ ጆሮ ተኛ። እሽሽ ምላሴ ጫፍ ድረስ መጣች፤ ነከስኳት። ትንፋሼን ለቀቅኩና «ሱ…ታ» አልኩ።

ቆመ። አንድ ጊዜ ራሱን ነቀነቀና እንደ ላም ዝግ ብሎ መራመድ ጀመረ።

«ሃዳ ፈርዳ!» አሉ ሽማግሌው ከኋላ። «በኛ አገር ድሮ ትልቅ ሰው በፈረሱ ስም አባ እገሌ ይባል ነበር። አንቺም ከዛሬ ጀምሮ ሃዳ ፈርዳ ነሽ፤ የፈረስ እናት!»

የሳቀብኝ ጋሪ ነጂ ከፊታችን ነበር። ቀና ብዬ አለፍኩት።

ግቢው በር ላይ ወርደን ፈረሱን ዛፍ ሥር አሰርነው። የልጄን ክርን ገልጬ አየሁ፤ ቁስሉ ደርቋል። «ደርሰናል» አልኳት። «ደህና ነሽ። እኔም ደህና ነኝ።»