የቻይናዋ እማማ እና የልጄ ቁርጭምጭሚት

ባሌ የቻይናውን ሥራ ሲያገኝ መጀመሪያ የሳቀችብን ታላቅ እህቱ ናት። አሌክሳንድሪያ ትኖራለች። የወንዙን ድልድይ ተሻግራ እኛ ጋ፣ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ለመምጣት ሦስት ቀን የምታስብ ሴት ናት።

"ቻይናዎች እኛ አገር መንገድ ሊሠሩ ይመጣሉ እንጂ እኛ እዚያ ሄደን ምን ልንሠራ ነው?" አለች። "ያውም በሁለት ሕፃን!"

ባሌ የተቀጠረው ፋብሪካ ውስጥ የሚመረት ዕቃ ጥራቱን ሊቆጣጠር ነው፤ ለሁለት ዓመት። እኔ ከስድስተኛ ክፍል ያቆምኩ፣ ክሪስታል ሲቲ ሆቴል ውስጥ አልጋ የማነጥፍ ሰው ስለሆንኩ ውሉን አላነበብኩም። የራሴን ውል ግን በቃል አስገባሁ። ሦስት ወር እሞክራለሁ፤ ልጆቹን ካልተስማማቸው ይዣቸው እመለሳለሁ፣ እሱ ብቻውን ይቀራል። አፓርታማውን እንዳንለቅ እህቱ ልትገባበት ተስማማች። "ሦስት ወር? አንድ ወር ከቆየች ምን አለ በሉኝ" ማለቷንም ሰምቻለሁ።

የፈራሁት ለትንሹ ነው። ገና ዓመት ከምናምኑ ነበር፤ ደረቱ ቶሎ ይታመማል። በብርድ ጉዳይ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ያልተጣላሁት ሰው የለም። ጠዋት ሁለት ካልሲ ደርቤ፣ ኮፍያ አድርጌ ዴይኬር አደርሰዋለሁ። ማታ ሞግዚቶቹ አንዱን ካልሲና ኮፍያውን በፕላስቲክ ከረጢት አስረው ይሰጡኛል፣ እንደ ወንጀል ማስረጃ። ሐኪሙ ደግሞ "ልጁ እያላበው ነው፣ ይተንፍስበት" ይለኛል። ልጄ በእግሩ የሚተነፍስ ይመስል! ባሌም ከሐኪሙ ጋር ወገነ። መኪና ውስጥ መስኮት ይከፍታል፣ እዘጋለሁ፣ ይከፍታል። ትዳራችን እዚያች የመስኮት ቁልፍ ላይ ነበር።

ቻይና የገባነው ኅዳር ላይ ነው። በሦስተኛው ቀን ልጆቹን ይዤ ሕንፃው ሥር ወዳለው መጫወቻ ወረድኩ። ትንሹ ከልብሱ ብዛት እጁን ማጠፍ አልቻለም። አምስት አሮጊቶች ከበቡን። የልጆቹን ፀጉር ሊነኩ ነው ብዬ ተዘጋጀሁ፤ ባሌ አስጠንቅቆኝ ነበር። ፀጉሩን ማን አየው! አንደኛዋ ጎንበስ ብለው የልጁን ሱሪ ጫፍ ገለጡና ጮኹ። በካልሲውና በሱሪው መካከል ሁለት ጣት የምታህል ባዶ ቁርጭምጭሚት ነበረች። ሌሎቹም ተራ በተራ አይተው ከንፈራቸውን መጠጡ። ሜሪላንድ ውስጥ በማልበስ ያስቸገርኩት እኔ፣ ልጄን ራቁቱን ይዛ የምትዞር እናት ሆንኩ።

ቁርጭምጭሚቷን ያገኙብኝ ሴትዮ እዚያው ፎቃችን ላይ ይኖሩ ነበር። እማማ አልኳቸው። ሳያንኳኩ ይገባሉ፣ የልጁን እግር ይዳብሳሉ፣ ለእኔ የፈላ ውኃ አስጠጥተው ይወጣሉ። ትልቋ ልጄ አምስት ዓመቷ ነው፤ መዋለ ሕፃናት ገብታ በሁለት ወር ውስጥ ስድባቸውን ሁሉ ትተረጉምልኝ ጀመር።

"ማሚ፣ አንቺ ምንም አታውቂም እያለች ነው።"

"እያሉ ነው በይ። ትልቅ ሰው ናቸው።"

"ኦኬ። ምንም አታውቂም እያሉ ነው።"

ጥር ላይ ትንሹ ማሳል ጀመረ። ባሌ "ቤቱ ታፍኗል" ብሎ መስኮቱን በከፈተበት ቅጽበት እማማ ገቡ። መስኮቱን ዘጉ፣ ዞረው ባሌ ላይ ጮኹበት። ቃሉ አልገባኝም፤ ቃናው ግን የገዛ እናቴ ነበር። ባሌ ለትልቅ ሰው መመለስ ያላደገበት ነው። እጁን አጣምሮ "እሺ" አለ፣ በአማርኛ። ሐኪም ፊት የረታኝ ሰው!

ሳሉ በሳምንቱ ለቀቀው። ሦስተኛው ወር ሲሞላ እህቱ በቪዲዮ ደወለች።

"የልጆቹን ክፍል አጽድቻለሁ። መቼ ልቀበላችሁ?"

ባሌ ፖም እየላጠ ነበር። ቢላዋው ቆመ፤ ቀና ግን አላለም። የመመለሻ ቲኬቱ ቦርሳዬ ውስጥ አለ። እማማ ትንሹን ታቅፈው ወንበሬ አጠገብ ቆመዋል። ልጅቷን በሹክሹክታ "ልንሄድ ነው ብለሽ ንገሪያቸው" አልኳት። ነገረቻቸው። የመለሱት ረጅም ነበር።

"ኖ እያሉ ነው" አለች ልጅቷ። "ቤቢውን በዚህ ኮልድ ፕሌን ላይ የምታወጣ እናት የለችም። እስኪሞቅ ዌይት አድርጊ።"

"ማናት ደግሞ እሷ?" አለች እህቱ።

"አማቴ ናቸው" አልኳት።

"እናቴ አዲስ አበባ ናት እኮ!"

"እኚህኛዋ ጎረቤት ናቸው። አይለቁንም።"

ቢላዋው ፖሙን እንደገና መላጥ ጀመረ። ባሌ የመጀመሪያውን ቁራጭ ለእማማ በሁለት እጁ ሰጠ።

ሲሞቅ ጠየቅኳቸው። የመጋቢት ንፋስ ከክረምቱም ይብሳል አሉ። በጋ ላይ ደግሞ የአውሮፕላኑ ማቀዝቀዣ ልጅ ይገድላል አሉ። ሁለቱም ዓመት እንዲህ አለፈ። ሐኪም ያሳመነኝ ነገር የለም፤ እማማን ግን ሁልጊዜ አመንኳቸው። የሚሉት እኔ የፈለግኩትን ነበራ።