የእትዬ ቁጥር ሩጫ

በሕፃናት ሆስፒታሉ «እትዬ ቁጥር» የማይላት የለም። በካርድ ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት ስትሠራ የሰው ስም ይጠፋባት እንደሆን እንጂ የካርድ ቁጥር ጠፍቶባት አያውቅም። አንድ የማትሽረው ሕግ ነበራት፤ ለአንድ ልጅ የተሰጠ ቁጥር ልጁ ዳነም አልዳነም ለሌላ አይሰጥም።

አንድያ ልጇን በልብ ሕመም ቀብራ ዓመት ሳይሞላ፣ ልባቸውን ለሚታመሙ ሕፃናት መርጃ ሩጫ እናዘጋጅ ብላ ተነሣች። ለእያንዳንዱ ቀዶ ጥገና ጠባቂ ልጅ አንድ ሯጭ ይመደባል፤ ሯጩ የልጁን የካርድ ቁጥር ደረቱ ላይ ለጥፎ ይሮጣል፤ ልጁም መጨረሻው መስመር ላይ ተቀምጦ የራሱን ቁጥር ይጠብቃል። በየመሥሪያ ቤቱ ደጅ ጠንታ ሯጭ ሰበሰበች። በዋዜማው ከወረፋ ጠባቂዎች መደርደሪያ ፋይሎቹን እያወረደች ቁጥሮቹን በነጭ ጨርቅ ላይ ጻፈች። በሐኪሞቹ ዝርዝር ልጆቹ ስልሳ ሦስት፣ ጨርቁም ስልሳ ሦስት ሆነ።

በሩጫው ጠዋት ጨርቁን ስታድል የግቢው ዘበኛ ደረቱን ነፍቶ ቀረበ።

«እትዬ፣ እኔ እኮ ደረጃ ስወጣ እንኳ ትንፋሼ ቀድሞኝ ነው የሚደርሰው።»

«ዝም ብለህ ሩጥ። የሚጠብቅህ ልጅ አለ።»

አንድ ሯጭ በመቅረቱ አንድ ጨርቅ እጇ ላይ ተረፈ። አየችው። 417። የልጇ ቁጥር ነው። ዛሬ ነገ ስትል ፋይሉን ወደ ተዘጉት ፋይሎች መደርደሪያ አላዛወረችውም ነበር፤ እጇም የለመደውን ቁጥር ሳያስደነግጣት ጽፎታል።

በዚህ መሐል የሕሙማን ክፍሉ ሲስተር እያለከለከች መጣች። «እትዬ፣ ትናንት የተኛችው ልጅ ሯጭ የላትም! 480 የታለ እያለች ነው።»

የልጅቷ ፋይል ገና ከሐኪሙ ጠረጴዛ አልተመለሰም። አንዱ ሲጎድል ሌላው ተርፎ ድምሩን ልክ አስመስሎት ኖሯል።

«ያንን ሰርዘው ይጻፉላት» አለች ሲስተር።

«አይሰረዝም።»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም!» አለ ዘበኛው። ወዲያው ቁጥሩን አየ። የእትዬን ልጅ ስንት ጊዜ ከበር እስከ አልጋዋ አዝሏታል። ኮፍያውን አወለቀ።

እትዬ ቁጥር ወደ ልጅቷ ሄደች። ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው።

«የኔ ሯጭ ወፍራም ነው ቀጭን?»

«ሴት ናት። ቀርፋፋ ናት ደግሞ። ግን ትመጣለች።»

ጨርቁን ገልብጣ በጀርባው 480 ጻፈች። 417 ወደ ውስጥ፣ ወደ ደረቷ ዞረ። በመርፌ ቁልፍ አያያዘችውና ከሯጮቹ ኋላ ቆመች።

ዘበኛው ሳይቀር ቀደማት። ግማሹን በእግሯ ተራምዳ፣ ግማሹን ጎኗን ይዛ ስትደርስ፣ በመጨረሻው መስመር አግዳሚ ወንበር ላይ የቀረችው ልጅቷ ብቻ ነበረች።

«ቆየሽብኝ!»

«አዎ፣ ቆየሁብሽ።»

«ጨርቁ የኔ ነው አይደል?»

የእትዬ ቁጥር እጅ መርፌው ላይ ዘገየ። ከዚያ ፈታችና ሰጠቻት። ልጅቷ ገልበጥ አድርጋ አየችው።

«ይሄኛውስ የማን ነው?»

«የልጄ። እሷም እዚሁ ትጠብቅ ነበር።»

በማግስቱ ጠዋት፣ ሌላ ሰው ሳይገባ፣ የ417ን ፋይል አወረደች። አቧራውን በመዳፏ ጠረገችና በተዘጉት መደርደሪያ ላይ፣ በተራ ቁጥሩ ቦታ አስገባችው። በባዶው ቦታ የልጅቷን ፋይል አላቆመችም፤ 480ን በራሱ ተራ አኖረችው።