የሩፋኤል ዝናብ በኤርማንስ

ባለፈው ሐሙስ ልጄ ሰላም ከሥራ ቦታዋ ደወለችልኝ። ቅዳሜና እሑድን ከጓደኛዋ ጋር ጄኔቫ ልታሳልፍ ነው። «አባዬ፣ አንተ እዚያ ኖረሃል አይደል? ምን እንይ? ሐይቁ ላይ ሽቅብ የሚረጨው ፏፏቴ አይሁን፣ እሱ ላንግቫይሊሽ ነው» አለችኝ። አሰልቺ ነው ማለቷ ነው። ዙሪክ ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት፤ አማርኛዋ ላይ መሀል መንገድ ጀርመንኛ ይሳፈርበታል።

እኔ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ከዙሪክ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ኦፕፊኮን ባለችው ቤቴ በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ የሚነሱ አውሮፕላኖችን ከማየት ሌላ ይህ ነው የሚባል ሥራ የለኝም። ስለዚህ ደስ ብሎኝ ወረቀትና እስክሪብቶ አነሣሁ። ካሩዥ በትራም ሂዱና ከገበያው አደባባይ ጀርባ ያሉትን ቤቶችና ጓሮዎቻቸውን እዩ፣ ብዬ ጻፍኩ። ቨርሷ ደግሞ ወንዙ ሐይቁ ውስጥ የሚገባበት ቦታ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ቀጥዬ «ኤርማንስ» ብዬ ጻፍኩና እጄ ቆመ።

ነገሩ የሆነው በደርግ ዘመን ነው። ከአዲስ አበባ በሱዳን በኩል ወጥቼ ጄኔቫ ስገባ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ጥገኝነት የሚጠይቅ ሰው የሚያርፍበትን ቤት እዚያ «ፎዬ» ይሉታል። ሥራ አልተፈቀደልኝም፣ ትምህርት የለም፣ ያለኝ ነገር መጠበቅ ብቻ ነበር። መጠበቅ ደግሞ አልሆነልኝም። ጋደም ስል እግሬ በራሱ ጊዜ ይንቀሳቀሳል፣ መጽሐፍ ስከፍት አንዱን መስመር ሦስቴ አነባለሁ። ፖስተኛው እስኪመጣ ግቢውን እዞራለሁ፤ ለእኔ ምንም ሳይዝ ሲያልፍ ደግሞ ከተማውን እዞራለሁ። የቀን ቲኬት ከተገኘ የአንዱን አውቶቡስ መጨረሻ ፌርማታ አይቼ፣ ተመልሼ የሌላውን አያለሁ። ሌላው ሰው አገር ለማየት ይዞራል፤ እኔ ግን ከራሴ ስሸሽ ነው አገሩን ያየሁት።

በመጨረሻ ደብዳቤው መጣ። ስለ ጉዳዬ ቃሌን የምሰጥበት ቀን ዓርብ ሆኖ ተቆረጠ። መኖሪያ ፈቃድ የሚገኘውም የሚቀረውም በዚያ ቀን ነው። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የሚባል ነገር ጠፋ።

ፎዬው ውስጥ ከእኔ ሌላ የነበሩት ያገሬ ሰው እትዬ አስካለ ብቻ ነበሩ። አዲስ አበባ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነበሩ፤ ባለቤታቸው ታስረው የደረሱበት ሲጠፋ አገር ለቀው ወጡ። ሃምሳ ያለፋቸው፣ ቀጠን ያሉ፣ በቀልድ ሰው የሚያበርዱ ሴት ናቸው። «አንተ ልጅ፣ ወለሉን ጨረስከው እኮ! ቁጭ በል እንጂ» ይሉኛል።

ማክሰኞ ማታ ወደ እኔ ጠጋ አሉ። «ነገ ጳጉሜ ሦስት፣ ሩፋኤል ነው። ደመናውም መጥቷል። ወራጅ ውሃ ያለበት፣ ሰው የማይበዛበት ቦታ ታውቃለህ? እዚህ ግቢ ነጠላዬን ለብሼ ዝናብ ላይ ብቆም አበደች ብለው ሐኪም ነው የሚጠሩልኝ።»

የሩፋኤል ዝናብ ለእኛ ጸበል ነው። ልጆች ሳለን ቶሎ እንድናድግ እየለመንን ራቁታችንን እንቦርቅበት ነበር።

«አውቃለሁ» አልኳቸው።

በእርግጥም አውቅ ነበር። ከሳምንት በፊት ኤርማንስ ሄጄ ከመንደሩ ጫፍ ያለችውን ወንዝ አይቻለሁ፤ ዳሯ ላይ የቆመውን የድንበር ድንጋይም አይቻለሁ። ማዶው ፈረንሳይ ነው። ጉዳዩ ሳያልቅ ከስዊስ የወጣ ሰው ዶሴው ይዘጋል እየተባለ ይወራ ነበር። ይህን ግን አልነገርኳቸውም። ብነግራቸው ይቀራሉ፣ ከቀሩ ደግሞ እኔ ረቡዕን ሙሉ ፎዬ ውስጥ መዋሌ ነው። ያንን መቻል አቃተኝ።

አውቶቡሱ በወይን ማሳ መሀል አለፈ፣ አንገታቸውን የደፉ የሱፍ አበባዎች አለፉ፣ በቀኝም በግራም ፕሪም የተሸከሙ ዛፎች ነበሩ። እትዬ አስካለ የጳጉሜን ጾም ይጾሙ ስለነበር ምስር ቀቅለው፣ ከቱቦ በሚጨመቅ የስዊስ ሰናፍጭ አዚፋ ሠርተው ይዘዋል። «ሰናፍጩ እንኳን ዝም ያለ ነው፤ አፍንጫ አይነካም» እያሉ ሲስቁ፣ እኔ ደቂቃ በደቂቃ ሰዓቴን አያለሁ።

ወንዝ ማለት ማጋነን ነው፤ ፍየል ብትሆን ሳትንደረደር ትዘላታለች። እንደ ደረስን ዝናቡ ጀመረ። እትዬ አስካለ ቦርሳቸውን ሰጡኝ፣ ጫማቸውን አወለቁ፣ ነጠላቸውን ለበሱ፣ አንድ ክዳን ያለው ባዶ የማርማላታ ብርጭቆ ያዙ። እኛ በቆምንበት በኩል ዛፉ ጥላ ስለሆነ ዝናቡ በደንብ አይደርስም። ማዶው ገላጣ ነው። ሰተት ብለው ውሃው ውስጥ ገቡና ተሻገሩ።

«እትዬ፣ ይመለሱ» ማለት ነበረብኝ። ፊታቸውን ወደ ሰማይ አንጋጠው፣ ዐይናቸውን ጨፍነው፣ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ሳይ ጸሎታቸውን ማቋረጥ ከበደኝ። አሁን ይመለሳሉ፣ አሁን ይመለሳሉ እያልኩ ቆምኩ። በዚህ መሀል የዝናብ ካፖርት የለበሱ ሁለት የፈረንሳይ ድንበር ጠባቂዎች ከዛፎቹ ኋላ ብቅ አሉ።

እትዬ አስካለ በትሕትና «ቦንዡር» አሏቸው። ወረቀት ተጠየቁ። ወረቀታቸው ቦርሳቸው ውስጥ ነው፤ ቦርሳው ደግሞ እኔ ትከሻ ላይ። አንደኛው ወንዟን አሻግሮ አየኝና ጮክ ብሎ ጠየቀ፦ «ካንተ ጋር ናት?»

በዚያች ቅጽበት የታየኝ ዓርብ ብቻ ነው። «አይደለችም» አልኩ። ይኸ አልበቃኝም፤ ማንም ሳይጠይቀኝ «አላውቃትም» ብዬ ጨመርኩበት።

እትዬ አስካለ ቀና ብለው አዩኝ። ፊቴን አዙሬ ወደ ፌርማታው ሄድኩ፣ አውቶቡስ ላይ ወጣሁ፣ ቦርሳውን ጭኔ ላይ አደረግኩ። ከወንበር ወንበር ስዘዋወር ሾፌሩ በመስታወት ያየኝ ነበር። ፎዬው ስደርስ የእትዬን ወረቀት ይዤ ወደ ቤቱ ኃላፊ ቢሮ ሦስት ጊዜ ሄድኩ፤ ሦስቱንም ጊዜ በሩን ሳላንኳኳ ተመለስኩ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ራሴን ጠልቼ አላውቅም።

አመሻሽ ላይ መኪና ቆመ። ፈረንሳዮቹ ለስዊሶቹ አስረክበዋቸው፣ ስዊሶቹ ፎዬ ደውለው፣ ኃላፊዋ ራሷ ሄዳ ይዛቸው መጣች። ነጠላቸው ገና አልደረቀም።

«ቦርሳዬ ደረሰ?» አሉኝ። ሰጠኋቸው። እሳቸውም ከሹራባቸው ሥር ብርጭቆውን አወጡ። ሩቡን ያህል የዝናብ ውሃ አለው። «እንካ፣ ዓርብ ጠዋት ፊትህን ታጠብበት። የቀዳሁት ላንተ ነው።»

«እትዬ፣ እኔ እኮ…»

«ያ ልጅ ማነው ብለው ሲጠይቁኝ እኔም አላውቀውም አልኳቸው» አሉና ፈገግ አሉ። «ቃላችን አንድ ሆነ። በል አሁን ርቦኛል፣ ምስሩን ጨረስከው እንዴ?»

አልቀመስኩትም ነበር። ቁጭ ብለው በሉ፤ እኔ ያንን ማታ ለመጀመሪያ ጊዜ ከተቀመጥኩበት ሳልነሣ አመሸሁ።

ዓርብ ጠዋት በውሃው ታጠብኩ። ፈቃዱም ከወራት በኋላ መጣልኝ፤ ለእትዬ አስካለም ዘግይቶ መጣላቸው። እኔ ዙሪክ ሆቴል ቤት ሥራ አገኘሁ ብዬ ሮጥኩ። እሳቸው ቨርሷ ገቡ። በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ ካርድ እልክ ነበር፤ ሄጄ በራቸውን ግን አላንኳኳሁም። አሁን አርፈዋል። እኔን ለማዳን በእርግጥ ለጠባቂዎቹ ዋሽተው ነው ወይስ ውሸቴን ሊያቀሉልኝ ያሉት ነው፣ ሳልጠይቃቸው ቀረሁ። ቤቴ ውስጥም ስማቸውን አንሥቼ አላውቅም፤ ስማቸው ከተነሣ ወንዟም ትነሣለችና።

ለሰላም የጀመርኩትን ወረቀት ጨረስኩት። «ኤርማንስ፣ በአውቶቡስ እስከ መጨረሻው። ወንዟን ተሻገሩ፤ ዛሬ የሚጠይቃችሁ የለም» ብዬ ጻፍኩ፣ በስልክ ፎቶ አንሥቼም ላክሁላት። ወዲያው ደወለች።

«አባዬ፣ ይኸ ቦታ አሪፍ ይመስላል። ያኔ ብቻህን ነው የሄድከው?»

ከማዶ አንድ አውሮፕላን ሲነሣ ነበር። ድምፁ እስኪያልፍ ጠበቅኩ።

«አይ፣ ብቻዬን አልነበርኩም» አልኳት። «ከማውቃቸው ሴት ጋር ነው የሄድኩት። እትዬ አስካለ ይባሉ ነበር።»