ለጋሽ ፍሬን የተፈጨ ለውዝ

ሙሽሪት የምትባለው ሙሽራ ሆና አይደለም። ሁለት ልጅ አሳድጋ፣ በአውቶቡስ ጋራዡ በር ላይ ሻይ ቤት ከፍታ፣ መካኒኩን ሁሉ በምላሷ አፉን ስታስይዝ የምትውል ሴት ናት። ስሙን ያወጡላት የባሏ አባት ናቸው፤ ቤታቸው በገባች ማግሥት "ሙሽሪት" አሏት፣ በዚያው ቀረ።

እሳቸው ደግሞ ጋሽ ፍሬን ናቸው። በዚያው ጋራዥ ዕድሜ ልካቸውን አውቶቡስ ነድተዋል። ፍሬን ሲረግጡ የተኛ ተሳፋሪ እንኳ አይባንንም ነበርና ስሙ ከዚያ መጣ። አንድ እጃቸው መሪ ላይ፣ ሌላው የተቆላ ለውዝ ከረጢት ውስጥ ነበር። ጡረታ ሲወጡ ጥርሳቸውም ተከትሏቸው ጡረታ ወጣ። አንዱ ሲነቀል ሌላው ሲነቃነቅ አፋቸው ባዶ ቀረ። ሰው ሠራሽ ጥርስ ተሠራላቸው፤ ድዳቸውን እየላጠ ቢያስቸግራቸው "ይሄ የሌላ ሰው አፍ ነው" ብለው አውልቀው ጣሉት።

ከዚያ ወዲያ መብላት ተዉ። ሙሽሪት ሾርባ ስታቀርብ "ሕፃን አደረግሽኝ?" ይላሉ። ሰው ፊት ማኘክ ሞት ሆነባቸው፤ የድሮ ባልደረባ በመጣ ቁጥር ጓዳ ይገባሉ። ምሳ ሲቀርብ "ውጭ በልቻለሁ" ነው መልሳቸው፤ የት እንደበሉ እግዜር ይወቅ። ኩራት እራት ነው ይባላል፤ እሳቸው ቁርስም ምሳም አደረጉት። ሱሪያቸው ወገባቸው ላይ አልቆም አለ። ሙሽሪት የገዛ አባቷን በልጅነቷ ያጣች ናት። እኚህን ደግሞ በረሃብ፣ ያውም ምግብ በሞላበት ቤት፣ ልታጣቸው ነው። 

አንድ ጠዋት ለውዝ ቆላች። በጨርቅ አሽታ ገለፈቱን እፍ ብላ አበረረችና በእጅ በሚዞረው የሥጋ መፍጫ ፈጨችው። ደረቅ ብናኝ ሆነ። ብትደግመው እንደ እርጥብ አሸዋ ተጓጎለ። "በቃ አበላሸሁት" ብላ ልትደፋው ስትል እልህ ያዛትና እንደገና አዞረችው። ጉድ! ለውዙ የገዛ ዘይቱን አውጥቶ፣ ለስልሶ፣ እያብረቀረቀ ወረደ። የለውዝ ቅቤን መጀመሪያ የፈለሰፈው ማን እንደሆነ አዋቂ ነን ባዮች ይከራከራሉ። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ማንም ይሁን ማን፣ ጥርሱ ያለቀበት የሚወደው ሰው ቤቱ ውስጥ ነበረው።

በዳቦ መሃል ቀብታ ለጋሽ ፍሬን አቀረበችላቸው። "አባባ፣ ለሻይ ቤቱ አዲስ ሳንዱች ልጀምር ነው። እርስዎ ለውዝ ያውቃሉ፤ እስቲ ይቅመሱልኝ።"

"የዳቦው ጠርዝ የት ሄደ?"

"የዘንድሮ ደንበኛ ቅንጡ ነው፤ ጠርዝ አይበላም።"

ሥራ ነዋ! ሥራ ከሆነ እምቢ አይሉም። ዓይናቸውን ጨፍነው ቀመሱ። "ጨው ያንሰዋል" አሉና እስኪያልቅ ድረስ ሲቀምሱ ቆዩ።

ለነገ ደግሞ ሌላ ምክንያት ያስፈልጋል። በማር ቀባችው። በሙዝ ደረበችው። በማርማላታ ሞከረችው። አንድ ቀን ቃሪያ ከትፋ ብትጨምርበት እንባቸው እየወረደ "ይሄ ለመካኒኮቹ ይሁን" አሉ። ማር የበዛበትን "ጉሮሮዬ ላይ ቆመ፤ ትራፊክ ጥሪለት" ብለው ሻይ አስመጡ። እሳቸው ያጸደቁትን ሁሉ ጋራዡ ተሻማበት። ጉንጫቸውም ሞላ።

ነገሩን ያበላሸው ባሏ ነው፤ ምላሱ አያርፍም። አንድ ምሳ ላይ፣ ልጆቹ ፊት፣ "አባዬ፣ ጥርስህ ማለቁ በጀን እኮ! አንተን ለማብላት ብላ የጀመረችው ሳንዱች ሻይ ቤቱን በደንበኛ ሞላው" ብሎ ሳቀ። ብቻውን ሳቀ። ጋሽ ፍሬን የያዙትን አስቀመጡ። "ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት አሉ" ብለው ተነሡ። ማታም አልበሉ፣ በማግሥቱም አልበሉ።

ሙሽሪት የክፍላቸው በር ላይ ቆማ አለቀሰች። "አዎ አባባ፣ አታልያለሁ። ባልዋሽዎት ኖሮ ይበሉ ነበር? እርስዎን ርቦዎት እያየሁ እኔስ ምኑ ይዋጥልኝ?"  ጠዋት ጋሽ ፍሬን ለብሰው መጥተው ሻይ ቤቱ ጥግ ተቀመጡ፤ ምንም አላዘዙም።

ረፋዱ ላይ የድሮ ትኬት ቆራጫቸው ገቡ፤ ስንት ዘመን በአንድ አውቶቡስ ከኋላቸው የሠሩ ሰው ናቸው። ጋሽ ፍሬን እንደ ልማዳቸው ወደ ጓዳ ሊሸሹ ብድግ አሉ። መካኒኮቹ "አባት፣ ይቀመጡ፣ እንጋብዝዎት" ሲሉ ትኬት ቆራጩ አፋቸውን በመዳፋቸው ከልለው "ኧረ እኔ በልቼ ነው የመጣሁት" አሉ። ኮታቸው ትከሻቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ጋሽ ፍሬን ባሉበት ቆመው አዩአቸው። ይህን ውሸት ከእሳቸው በላይ ማን ያውቀዋል?

"አንተ ሰውዬ፣ እየኝ እስቲ" አሉና በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አፋቸውን በሰፊው ከፈቱ። "አንድም የለም! ቁጠር ብትባል የምትቆጥረው የለህም!"

ወደ ሙሽሪት ዞሩ።

"ሙሽሪት፣ ጥርስ ለሌለን ለሁለት ሽማግሌዎች ሳንዱች አምጪ። ለውዙን ወፈር አድርጊው።"

ሙሽሪት ቢላዋዋን አንስታ በእንባ ውስጥ እየዳበሰች መቀባት ጀመረች። ትኬት ቆራጩ እጃቸውን ከአፋቸው ላይ አንስተው ወንበር ሳቡ።